ሳሙና አድርሶ መመለስ መጠየቅ አይደለም

ለመሆኑ ሰውን «መጠየቅ» ማለት ምን ማለት ነው? በአማርኛችን የታመመን ወይም የደከመን ሰው ሄዶ ማየት «መጠየቅ» ይባላል። ቃሉ ራሱ እንደሚነግረን ጠያቂ ማለት ጥያቄ ይዞ የሚሄድ፣ መልሱንም ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ነው። እኛ ግን ባለፈው ዓመት «አረጋውያንን ጠየቅን» ብለን በዚሁ ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ ስንለጥፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድም ነገር አልጠየቅንም ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በግለ ሂስ እንጀምረዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 አካባቢ፣ የዓለም የአረጋውያን ቀን ይከበራል። ቀኑን የወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ መከበር የጀመረውም በዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት እኛም ጥቂት ዕጩ መምህራን ቀኑን ምክንያት በማድረግ ከኪሳችን አዋጣን፤ ሳሙና፣ ስኳርና ቡና ገዛን፤ በጋምቤላ ከተማ ጧሪ ቀባሪ የላቸውም የተባሉትን ሰባት አረጋውያን ቤት ለቤት ዞርን። በአንዱ ቤት አሥር ደቂቃ፣ በሌላው ሩብ ሰዓት ቆየን። ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ምርቃት ተቀበልን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ተመልሰን ራት ላይ ደረስን። የዚያን ዕለት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ አይካድም።

ከሰባቱ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው፣ ከባላቸውና ከልጆቻቸው ጋር በሠፈራ ወደ አቦቦ አካባቢ የመጡ ናቸው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙ ሠፋሪ ወደ መጣበት ሲመለስ ልጆቻቸውም አብረው ሄዱ። እሳቸው ግን ባላቸው እዚሁ ተቀብረው ነበርና «መቃብሩን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» ብለው ቀሩ። ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ከተማ ገብተው በአንዲት ክፍል ቤት ይኖራሉ። ልንወጣ ስንል በሩን ይዘው «መቼ ትመጣላችሁ?» አሉን። ከመካከላችን አንዱ ሳያስብበት «ቅዳሜ እንመጣለን እማማ» አለ።

ቅዳሜ አልሄድንም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልሄድንም። መጀመሪያ የቡድን ሥራ ነበር፤ ከዚያ ፈተና መጣ፤ ከፈተናው በኋላ የማስተማር ልምምድ ተከተለ። ሰበብ ሞልቶ ተርፏል። ሁለት ወር ተኩል ካለፈ በኋላ ሦስታችን በዚያ ሠፈር ስናልፍ የጎረቤት ልጅ አየችንና «እናንተ ናችሁ የቅዳሜዎቹ?» አለችን። እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ ስኒ አጥበው፣ ደጃፉን ጠርገው ይጠብቁን ነበር ለካ!

ገባን። አልተቆጡንም። ቢቆጡን በተሻለን ነበር። ከሣጥናቸው ውስጥ ያመጣንላቸውን ስኳር አወጡ፤ ወረቀቱ እንኳ አልተፈታም። «ሳሙናውማ አለቀ ልጆቼ፤ ስኳሩን ግን ለእናንተ ብዬ አስቀመጥኩት። እኔ እንደሁ ቡና በጨው ነው የምጠጣ» አሉን። ቡናው ሲፈላም እንዲህ ሲሉ አጫወቱን፦ አቦቦ ሲሠፍሩ መጀመሪያ ጎጆ የሠሩላቸው ተማሪዎች ነበሩ። «ደጎች ነበሩ። እጃቸው እየደማ ነበር ሣር የሚያጭዱልን። ግን አንዳቸውም ተመልሰው አልመጡም፤ ይኑሩ ይሙቱ አላወቅሁም።»

ይህ የእማማ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ ያወቀው ጉዳይ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከ500 ሺህ በላይ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገራችን ሲሠፍር ጋምቤላ ከሠፈራው ቦታዎች አንዷ ነበረች። በ1978 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተልከው ለሠፋሪው ጎጆ ሠርተዋል። ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ተማሪ ዛሬ ራሱ ስድሳውን አልፏል፤ ምናልባት እሱም ሰው የሚጠይቀው ይሻ ይሆናል።

የአገራችን ተማሪ ወደ ሕዝቡ መሄድ የጀመረው ግን ከዚያም በፊት ነው። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየተመደቡ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። በ1971 ዓ.ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ጎልማሳ ፊደል እንዲቆጥር አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። እነዚህ በቀላሉ የሚታዩ ተግባራት አይደሉም።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ሊሠመርባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ዕድገት በኅብረትን የመሰለው ዘመቻ ግዳጅ እንጂ ፈቃድ አልነበረም። ሁለተኛ፣ በነዚያ ሁሉ ተማሪው የሄደው አንድ ነገር ሊሰጥ ነው፤ ፊደል ሊያስቆጥር፣ ጎጆ ሊሠራ። ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ጎጆ ከተከደነ ተከደነ ነው። ወዳጅነት ግን እንደ ጎጆ ተከድኖ አያልቅም። ማንም ሳያስገድደን በፈቃዳችን የገባንበት ነገር ስለሆነም ቃላችንን የሚያስጠብቅብን አለቃ የለም፤ ራሳችን ካልጠበቅነው ማንም አይጠብቀውም።

ዛሬም በየክረምቱ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች በየከተማው የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲጠግኑ እናያለን። ጣሪያ የሚያፈስበት ሰው ከወሬ ይልቅ ቆርቆሮ ይሻልና ሥራው ሊመሰገን ይገባል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ጣሪያው ከተጠገነ በኋላ በጣሪያው ሥር ገብቶ የሚቀመጥ ማነው? አረጋዊው ያን አዲስ ቆርቆሮ ብቻቸውን ተጋድመው ካዩት ግማሹ ሥራ ቀርቷል ማለት ነው።

«ይሄ የመንግሥትና የቤተሰብ ኃላፊነት አይደለም ወይ?» የሚሉን አሉ። ነው እንጂ! የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲንከባከብ ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ነገር ግን ሕግ ቀለብ ሊያስቆርጥ ይችላል እንጂ ጨዋታ ሊያስቆርጥ አይችልም። «ሳምንት ሳምንት ሄደህ እማማን አጫውት» ብሎ የሚፈርድ ዳኛ የለም። ደግሞም አብዛኛው የክልላችን አረጋዊ ገበሬ፣ ከብት አርቢ ወይም ዓሣ አጥማጅ ሆኖ የኖረ ነው እንጂ ጡረታ የሚያስከብር የመሥሪያ ቤት ሥራ አልነበረውም።

ብቸኝነትም ቀላል ነገር እንዳይመስለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጎዳ፣ በየዓመቱም ከ871 ሺህ በላይ ሞት ከብቸኝነት ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚሁ ጉዳይ ኃላፊ የሆነ ሚኒስትር እስከ መሾም ደርሳለች። የእኛ አባቶች ይህን ሁሉ ሳይቆጥሩ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ብለው ጨርሰውታል።

ይኸው ሪፖርት ሌላም የሚናገረው አለ፤ ብቸኝነት አረጋውያንን ብቻ ሳይሆን ወጣቶችንም በብዛት ይጎዳል። እስቲ ራሳችንን እንይ። ከመንገሺ፣ ከጎግ፣ ከኢታንግ፣ ከዚያም ከራቀ ቦታ መጥተን በአንድ መኝታ ክፍል ስንተኛ፣ በመጀመሪያው ወር ሌሊት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያላለቀሰ ስንቱ ነው? ከመካከላችን አንዱ እማማ ዘንድ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ «ከቤቴ ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ በላህ ወይ ያለኝ ሰው አገኘሁ» ብሎናል። እንግዲህ ማን ማንን እየጠየቀ ነው?

በዚህ ረገድ ከዚምባብዌ የምንማረው አለ። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ ሥራ ጀመረ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጭንቀትና ሐዘን የያዘውን ሰው ማዳመጥና ማማከር ነው። «የወዳጅነት አግዳሚ» ይሉታል። ኋላ ጥናት ሲደረግበት ብዙ ሰው እንደ ተሻለው ታይቷል። እዚያ አሮጊቶቹ የሚረዱ ናቸው እንጂ የሚረዱላቸው አልሆኑም። እኛ ግን አረጋዊን ስናስብ የሚቀበል እጅ ብቻ ነው የሚታየን። ስኳሩን ያልፈቱት እማማ ይህን ስሕተታችንን ነው ያረሙልን፤ ለካስ እሳቸውም ሊጋብዙን ፈልገው ኖሯል።

ሌላው የሚነሣው ጥያቄ የቋንቋ ነው። «ቋንቋቸውን አልችልም፤ ሄጄ ምን ላወራ?» ይባላል። ከምንጠይቃቸው መካከል በባሮ ዳር የሚኖሩ አንድ የአኙዋክ አባት አሉ። አማርኛ ጥቂት ይሰማሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም። አቦቦ ያደገው ጓደኛችን ያስተረጉምልናል። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ደብተር አውጥተን ዕድሜዎ ስንት ነው፣ ስንት ልጅ ወለዱ፣ የት ተወለዱ እያልን እንደ ሕዝብ ቆጣሪ ጠየቅናቸው። በአጭር በአጭሩ መለሱልንና ዝም አሉ። በሁለተኛው ጊዜ ደብተሩን ተቋም ትተነው ሄድን፤ እሳቸው የዓሣ መረብ ሲጠግኑ እኛ ክሩን እየያዝን ተቀመጥን። ብዙም አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ጊዜ ግን ራሳቸው ጥያቄ አነሡ። «በእናንተ አገር ያለው ወንዝ ስሙ ማን ነው?» አሉን።

ከዚያ ወዲያማ ጨዋታው መች ቆመ! ባሮ በአኙዋክ ኦፔኖ እንደሚባል ነገሩን። ልጅ ሳሉ ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ ከሱዳን መርከብ ሲመጣ ድምፁን ከሩቅ ሰምተው ወደ ዳርቻው ይሮጡ እንደ ነበር አጫወቱን። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆና፣ ቡና በባሮ ወደ ካርቱም ይጫንባት እንደ ነበር፣ ጣቢያውም ሱዳን ነፃ እስከ ወጣችበት እስከ 1956 ድረስ በሱዳን በኩል ይተዳደር እንደ ነበር በታሪክ ትምህርት አንብበናል። እሳቸው ግን ገጹን አላነበቡትም፤ ኖረውታል። ስለ ዲሙይም ነገሩን። ዲሙይ አኙዋክ ለጥሎሽ የሚሰጠው ዶቃ ነው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ የስንቱን ቤተሰብ ዝምድና ይዞ እንደሚዞር ቆጠሩልን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዕጩ መምህር ልብ ሊባል ይገባል። በክልላችን የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛና በመዠንግርኛ ይማራሉ። ነገ ክፍል ስንገባ ሕፃኑ የሚገባው ተረት፣ የሚያውቀው ዛፍ፣ የሚያውቀው ዓሣ ስም የሚገኘው ከነዚህ ሰዎች ዘንድ ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሕር አቋርጦ መጥቶ ስለ አኙዋክ ጠይቆ መጽሐፍ ጽፏል። እኛ ግማሽ ሰዓት ተራምደን የምንደርስበትን ሰው አለመጠየቃችን አያሳፍርም? ሆኖም ደብተሩ ይቅደም አንልም። ደብተር የቀደመ ጊዜ የሆነውን አይተናል። ወዳጅነቱ ይቅደም፤ ተረቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ደግሞ የማይሸሸግ ነገር አለ። ከተማችን ክፉ ቀን አይታለች። በጥር 2008 ዓ.ም. በአኙዋክና በኑዌር ወገኖች መካከል ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያ በፊትም በኋላም ሐዘን ያልገባበት ወገን የለም። ዛሬም «ያ ሠፈር የእነ እገሌ ነው፤ አትሂድ» የሚል ወሬ በመኝታ ክፍላችን ሳይቀር ይሰማል። የአኙዋክ ልጅ ከኑዌር አባት ዘንድ ገብቶ «ማሌ» ብሎ ሰላምታ ሲሰጥ፣ የኑዌር ልጅ የአኙዋክን እናት ውሃ ሲቀዳ፣ የደገኛው ልጅም ከሁለቱ ጋር ሲቀመጥ ችግሩ ሁሉ ይፈታል ብለን አንዋሽም። ግን ቢያንስ አንድ በር ይከፈታል፤ በዚያ በር የገባ ልጅ ስለዚያ ቤት የሚወራውን ክፉ ወሬ እንደ ቀድሞው አይቀበልም። ነገ አምሳ ስድሳ ልጅ ፊት የሚቆመው ደግሞ ይኸው ልጅ ነው።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉት መልሳችን አጭር ነው። የምንለምነው በሁለት ሳምንት አንድ ሰዓት ነው። በስልክ ላይ በአንድ ምሽት የሚባክነው ከዚህ ይበልጣል። «ገንዘብ የለንም» ለሚሉትም፦ ባዶ እጅ መሄድ ይቻላል። ባዶ እጅ መሄድ የሚያሳፍረው አንዴ ብቻ ለሚሄድ ሰው ነው።

እንግዲህ ከስሕተታችን ተነሥተን ከዚህ ዓመት ጀምሮ ልንሠራበት የተስማማንበትን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1ኛ/ ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ። ጭፍራ ሆኖ መግባት አረጋዊን ያስጨንቃል፤ ብቻ መሄድም አንዱ ሲታመም ቀጠሮውን ያስቀራል። ከተቻለ አንደኛው ቋንቋውን የሚያውቅ ይሁን።

2ኛ/ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ። «አትምጡብኝ» ያለ አረጋዊ መብቱ ነው፤ ሁሉም እንግዳ ይወዳል ማለት አይደለም።

3ኛ/ ቀንና ሰዓት መቁረጥ፤ የማይፈጸም ቃል አለመስጠት። ፈተና ሲመጣ «እስከዚህ ቀን አንመጣም» ብሎ ሄዶ መንገር። ሰው የሚጎዳው ባለመምጣታችን ሳይሆን ሲጠብቀን በመቅረታችን ነው።

4ኛ/ ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ አለማንሳት። የሰው ድህነት የግድግዳ ጌጥ አይደለም። ባለፈው ዓመት እዚህ የለጠፍነውን ፎቶግራፍ አንስተነዋል።

5ኛ/ በገንዘባቸውና በቤተሰብ ጉዳያቸው አለመግባት። ሕመም ካየን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መንገር እንጂ ሐኪም አለመሆን።

6ኛ/ ተመራቂ ከመሄዱ በፊት ተተኪውን በእጁ ይዞ ወስዶ ማስተዋወቅ። ይህ ከሁሉ ይበልጣል።

ስድስተኛውን የምናጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእማማ ጋር ከሚመላለሱት መካከል ሁለቱ ዘንድሮ ተመርቀው ወደ ተመደቡበት ይሄዳሉ። የተቋም ትምህርት ጠባዩ ይኸው ነው፤ እኛ እንመጣለን፣ እንሄዳለን፤ አረጋውያኑ ግን እዚያው ናቸው። ጎጆ ሠርተው የሄዱት ተማሪዎች ደጎች ነበሩ፤ እማማ ራሳቸው መስክረውላቸዋል። የጎደለው ደግነት ሳይሆን ተከታይ ነው። እኛም ዝም ብለን ከሄድን በእማማ ዕድሜ ሁለተኛው ተመልሶ ያልመጣ የተማሪ ትውልድ መሆናችን ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አሁን ሰባት አረጋውያን አሉን፤ የምንመላለሰው ግን ስድስት ሰዎች ብቻ ነን። ሁለት ሁለት ሆነን ስንከፈል ሦስት ቤት ብቻ ይደርሳል፤ አራቱ ባዶ ይቀራሉ። ስምንት ሰው ቢጨመር ይሞላል። ሁለቱ ተመራቂዎች ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ሁለት ያስፈልጋል። ስለዚህ የምንጠይቀው አሥር ሰው ነው። ብዙ አይደለም፤ አንድ የመኝታ ክፍል የሚሞላ ነው።

ፈቃደኛ የሆነ የአንደኛ ዓመት ዕጩ መምህር ስሙን በዚህ ጋዜጣ ግርጌ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የሚችለውን ቋንቋም ከጎኑ ያስፍር። የማይችል ሰው ግን ለመታየት ብሎ አይጻፍ። የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከግቢው በር ተነሥተን እንሄዳለን። እማማን ቀጥረናቸዋል፤ በዚህኛው ቅዳሜ እንደርሳለን።